ሥልጣኑ ተወከለ፣ ኃላፊነቱስ? የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥርና የሥራ ደኅንነት ውክልና

ጎጃም ውስጥ፣ ከደጀን እስከ መራዊ ባለው መስመር፣ ከወረዳ መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ «እዚህ የሚሠራ ሰው በሥራው ላይ ቢጎዳ የሚጠየቀው ማን ነው?» ብትሉ ጥያቄው ከቢሮ ቢሮ ያዞራችኋል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይልካሉ። ጤና ጽሕፈት ቤቱ «የሰው ኃይል ነገር የሲቪል ሰርቪስ ነው» ይላል። ሲቪል ሰርቪስ ደግሞ የሚያውቀው መደቡን ነው፤ ጓንትና ቦት ጫማ የበጀት ጉዳይ ስለሆነ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ ይላል። ከእነዚህ መካከል የዋሸ የለም። እያንዳንዱ የአሠሪውን ሥልጣን ቁራጭ ይዟል። ቁራጮቹን ገጣጥሞ የጎደለውን የሚያይ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ የሚጎዳውም ሠራተኛው ነው።

የግል ድርጅት አሠሪ ስም አለው፣ ፊት አለው። የመንግሥት አሠሪ ግን መሥሪያ ቤት ነው፤ ራሱ አይቀጥርም፣ ራሱ ጓንት አያድልም። ሕግ ሥልጣኑን የሚሰጠው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። የበላይ ኃላፊው ደግሞ የመቶ ሰውን ፈቃድ፣ የሙከራ ጊዜ ምዘና፣ የተረኛ ድልድልና የመጋዘን ቁልፍ በአንድ እጁ ይዞ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ይወክላል። በአገራችን የመሥሪያ ቤት ማቋቋሚያ አዋጆችና ደንቦች ውስጥ አንድ የተለመደ አንቀጽ አለ፤ የበላይ ኃላፊው ለሥራ ቅልጥፍና በሚያስፈልግ መጠን ሥልጣንና ተግባሩን በከፊል ለሌሎች ኃላፊዎችና ሠራተኞች በውክልና ሊያስተላልፍ ይችላል የሚል ነው። አንቀጹ የሚፈቅደው በከፊል ማስተላለፍን ነው። መሥሪያ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ለሌላ አስረክቦ ዞር ማለትን የሚፈቅድ አይደለም።

እዚህ ላይ በየቢሮው የሚቀላቀሉ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በሥራ መደቡ ላይ ያለ ሥልጣን ነው፤ የሰው ሀብት ባለሙያው የሠራተኛ ፋይል የሚይዘው ማንም ስለወከለው ሳይሆን መደቡ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ተጠባባቂነት ነው፤ ወንበሩ ክፍት ሲሆን ወይም ኃላፊው ለረጅም ጊዜ ሲርቅ ሌላ ሰው ለጊዜው በቦታው ይቀመጣል። ሦስተኛው ውክልና ነው፤ ኃላፊው በቦታው እያለ ከራሱ ሥልጣን የተወሰነውን በደብዳቤ ይሰጣል፣ ሲፈልግም መልሶ ይወስዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ነገር የተበላሸ ዕለት ግን ሁሉም ሰው የትኛው እንደነበር መጠየቅ ይጀምራል። በቅርብ ዓመታት ጎጃም ውስጥ መንገድ በሚዘጋበት፣ ኃላፊም ከወረዳው ከተማ ወጥቶ በሚቆይበት ጊዜ «እስክመጣ አንተ ያዝልኝ» የሚል የስልክ ውክልና በዝቷል። ፊርማና ቀን የሌለው ውክልና ለወካዩም ለተወካዩም አደጋ ነው።

በሠራተኛ አስተዳደር በኩል ሊወከል የሚችለው ነገር ሰፊ ነው። በጸደቀ መዋቅርና በጀት ውስጥ ክፍት መደብ እንዲሞላ ማስታወቂያ ማውጣት፣ የፈተና ሂደቱን መምራት፣ የሙከራ ጊዜ ምዘና መሙላት፣ ፈቃድ መስጠት፣ ተረኛ መደልደል፣ ቀላል የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ መስጠት ወደ ታች ሊወርዱ ይችላሉ፤ ቢወርዱም ይሻላል፣ ሥራውን የሚያየው የቅርብ ኃላፊ ነውና። ሊወከል የማይችለው ግን ኃላፊው ራሱ የሌለው ሥልጣን ነው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አዲስ የነርስ መደብ የመፍጠር ሥልጣን ለጤና ጣቢያው ሊሰጡ አይችሉም፤ መዋቅር የሚጸድቀው ከእሳቸው በላይ ነው። ከባድ የዲሲፕሊን ቅጣትም ኮሚቴ አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብበት ነገር ስለሆነ አንድ ተወካይ ብቻውን የሚፈርምበት አይደለም። በራሱ ውሳኔ ላይ የቀረበን ቅሬታ ራሱ እንዲሰማ የሚወከል ሰውም ሊኖር አይገባም። ተወካዩም የተወከለውን ደግሞ ለሌላ ማስተላለፍ የለበትም፣ ደብዳቤው በግልጽ ካልፈቀደለት በቀር። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ እንደራሴነት የያዘው አቋም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የተወከለ ሰው ሥራውን በመሠረቱ ራሱ ነው የሚፈጽመው።

የሥራ ደኅንነት ግን ከቅጥር የተለየ ጠባይ አለው። ቅጥር ሥልጣን ነው፤ ኃላፊው ሊጠቀምበትም ላይጠቀምበትም ይችላል። ደኅንነት ግዴታ ነው። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ ሠራተኛ የሚለው የመንግሥት ሠራተኛንም እንደሚጨምር በአንቀጽ 3 ይናገራል። በአንቀጽ 16 አሠሪው በተቻለ መጠን የሥራ ቦታውን፣ መሣሪያውንና አሠራሩን ለጤና አደጋ የሌለው እንዲያደርግ ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 21 ደግሞ የደኅንነት እርምጃዎች ሠራተኛውን ወጪ ሊያስወጡት እንደማይገባ ይናገራል። አገራችን ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 አስቀምጧል። በሰኔ 2014 ዓ.ም የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል።

ቡሬ ያለ የዘይት ፋብሪካ ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የወረዳ ነርስ ግን በልዩ ሕግ፣ ማለትም በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለምትተዳደር አዋጅ 1156 እሷን አይመለከትም። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ የመንግሥት ሠራተኛ የደኅንነት ሕግ የለውም ብሎ ያስባል። ስህተት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም ስለ ሥራ አካባቢ ደኅንነትና ጤንነት፣ በሥራ ምክንያት ስለሚደርስ ጉዳትም ድንጋጌ አለው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሕገ መንግሥቱና ስምምነቱም ለሁለቱም እኩል ይሠራሉ።

ታዲያ ግዴታ ይወከላል? ግዴታውን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ሥራ ይወከላል፤ ግዴታው ግን ከባለቤቱ አይለቅም። ኃላፊው «ጓንት መኖሩን በየሳምንቱ ተቆጣጠሩ» ብለው ሊወክሉ ይችላሉ፤ ጓንት ከሌለ ግን «ወክያለሁ» ማለት ነፃ አያወጣቸውም። አንዳንድ አገሮች ይህንን በሕጋቸው በቃሉ ጽፈውታል፤ የአውስትራሊያ የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ (እ.ኤ.አ. 2011) ግዴታ ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ አይችልም ብሎ በአንድ አጭር አንቀጽ ዘግቶታል። እኛም ዘንድ በውክልና ደብዳቤዎች ላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ቢገባ ብዙ ክርክር ይቀር ነበር።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ፣ በጮቄ ግርጌ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ እናስብ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ከቀትር በኋላ ወርዶ ግቢውን ይሸፍናል፣ መብራት ይጠፋል። በመዋቅሩ ላይ ለሌሊት ሁለት ነርስ ተጽፏል፤ አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ ቦታዋን የሚተካ ስላልተገኘ ተረኛዋ ብቻዋን ነች። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ መጣች። ነርሷ የስልኳን መብራት በጥርሷ ይዛ መርፌ ትወጋለች። መርፌውን የምትጥልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋትና መለወጥ ነበረበት፤ ግን ትርፍ ሣጥን የለም፣ ያገለገሉ መርፌዎች በአፉ በኩል ወጥተው ይታያሉ። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ «ሲስተር፣ ሣጥኑ ሞልቷል፤ የት ላድርገው?» ትላለች። ነርሷም «ለጊዜው ጥግ ላይ አስቀምጪው፣ እትዬ፤ ሲመጣ እንለውጠዋለን» ትላለች። ሣጥኑን ወደ ማቃጠያው የምትወስደው እትዬ ናት፤ ባዶ እጇን፣ በነጠላ ጫማ።

እትዬን መርፌ ቢወጋት መደረግ ያለበት የታወቀ ነው፤ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ለኃላፊ ማሳወቅ፣ ለኤችአይቪ መከላከያ የሚሰጠውን መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመርና ለ28 ቀን መውሰድ። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትን አስቀድሞ መከተብ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነው። ግን መድኃኒቱን እንድታገኝ ማን ይፈርማል? እሷ በኮንትራት የተቀጠረች ስለሆነች ስሟ በቋሚ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ የለም። የደረሰባትን ጉዳት የሚመዘግበው ማን ነው? የጤና ጣቢያው ኃላፊ የተረኛ ድልድል ውክልና አላቸው፣ የዕቃ ግዢ የላቸውም። ጽሕፈት ቤቱ ግዢ አለው፣ ድልድል የለውም። ሲቪል ሰርቪሱ የወሊድ ፈቃዱን ያውቃል፣ ሌሊቱን አያውቅም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። የቅጥር ውክልናና የደኅንነት ውክልና በሁለት ደብዳቤ፣ ለሁለት ሰው፣ በሁለት ወር ልዩነት የሚጻፉ ሆነው ይቀራሉ፤ ሥራው ላይ ግን አንድ ናቸው። ነርሷ በዚያ ሌሊት ለአደጋ የተጋለጠችው በሴፍቲ ቦክሱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ብቻዋን ስለሆነች ነው፤ ድካም ስላለባት፣ ሣጥኑን ለመለወጥ ጊዜ ስላልነበራት፣ ምጥ የያዛትን እናት ጥላ መጋዘን ልትሄድ ስለማትችል ነው። የጎደለ መደብ የደኅንነት ጉድለት ነው። በውኃ ጽሕፈት ቤትም ያው ነው፤ ክሎሪን የሚቀላቅለው ሰው ረዳት ከሌለው ጭንብሉ ብቻውን አያድነውም። በግብርና ጽሕፈት ቤት የፀረ ተባይ ኬሚካል ያለበትን መጋዘን በውክልና የያዘው ባለሙያ ሦስት ቀበሌ እንዲሸፍን ተሰጥቶት ከሆነ መጋዘኑን ማናፈስ የሚደርሰው መቼ ነው? ስለዚህ ተረኛ የሚደለድለው ሰው አደጋውንም የማስቆም ሥልጣን ይኑረው፤ አደጋውን እንዲቆጣጠር የተወከለውም ሰው ሲጎድል የመተካት፣ ቢያንስ የመጠየቅና መልስ የማግኘት ሥልጣን ይኑረው።

ከሁሉ የከፋው ገንዘብና ውሳኔ የሌለበት የደኅንነት ውክልና ነው። ልጁን «ማሳውን አርሰህ ጠብቀኝ» ብሎ በሬዎቹን ነድቶ ገበያ የወጣ አባት ከመንገድ ሲመለስ ስለ ማሳው ልጁን ሊቆጣ አይችልም። «የሥራ ደኅንነት ተጠሪ ሆነው ተወክለዋል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው የበጀት ኮድ ከሌለው፣ ከውስጥ ገቢ ትንሽ ብር እንኳ ማዘዝ ካልቻለ፣ አስጊ ሥራን የማስቆም መብት ካልተጻፈለት፣ ደብዳቤው የሚያስተላልፈው ጥፋተኝነትን ብቻ ነው። ጤና ጣቢያዎች የሰበሰቡትን የውስጥ ገቢ መልሰው እንዲጠቀሙ መፈቀዱ ለዚህ ትልቅ በር ነው፤ በውክልና ደብዳቤው ላይ ካልተጠቀሰ ግን በሩ እንደተዘጋ ይቀራል።

አሁን ወደ ተጠያቂነቱ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2126 እና 2127 ለዚህ ጉዳይ ወሳኝ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ካሣ ይከፍላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ግን ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል፤ መንግሥትም በኋላ የከፈለውን ከአጥፊው ሊያስመልስ ይችላል። የግል ጥፋት ከሆነ መንግሥት አይጠየቅም፤ ዕዳው የሰውየው ብቻ ነው። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት የሚባለው አድራጊው በቅን ልቦና፣ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እንደሠራ አምኖ ሲሆን ነው። እንግዲህ የውክልና ደብዳቤው ለምን ግልጽ መሆን እንዳለበት እዚህ ላይ ይታያል። የሥልጣኑ ክልል የት እንደሚያልቅ በጽሑፍ ካለ ተወካዩ በቅን ልቦና መሥራቱን ማሳየት አይከብደውም። ደብዳቤው የተድበሰበሰ ከሆነ ግን፣ አደጋ በደረሰ ማግስት «ይህንን እኮ አልወከልኩህም» የሚል ኃላፊ አይጠፋም።

የወንጀል ተጠያቂነት ደግሞ ሌላ ነው። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 34 ድርጅቶች እንዲቀጡ ሲፈቅድ የመንግሥት አስተዳደር አካላትን ለይቶ አስቀርቷል። ፋብሪካ ሊቀጣ ይችላል፤ ጽሕፈት ቤት አይቀጣም። ስለዚህ በቸልተኝነት ሰው ቢሞት (አንቀጽ 543) ወይም አካሉ ቢጎዳ (አንቀጽ 559) ሕጉ የሚፈልገው ሰውን ነው። ማን ያውቅ ነበር፣ ማን ማድረግ ይችል ነበር፣ ማን ዝም አለ የሚለው ይታያል። በውክልና ሥራውን የያዘው ሰው ስለ ጉድለቱ በጽሑፍ አሳውቆ ከሆነ፣ የዚያ ደብዳቤ ወጪ ቁጥርና ቀን ለእሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ደብዳቤው የደረሰው ኃላፊም «አላውቅም ነበር» ሊል አይችልም።

ጥሩ የውክልና ደብዳቤ ምን ይመስላል? እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ በጸደቀው መዋቅርና በጀት ውስጥ የቀንና የሌሊት ተረኛ እንዲደለድሉ፣ ተረኛ ሲጓደል ከሌላ ፈረቃ አዛውረው እንዲተኩ፣ ለሥራ ደኅንነት ዕቃ ከውስጥ ገቢ በወር እስከ ተወሰነው የብር መጠን እንዲያዝዙ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሲያጋጥም ሥራውን እንዲያስቆሙ ተወክለዋል። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቃሉ፤ ጽሕፈት ቤቱም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። ውክልናው በኮንትራትና በቀን ሥራ የተቀጠሩትን ሠራተኞች ደኅንነት ይጨምራል። ለሌላ ሰው አይተላለፍም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት በዚህ ውክልና ምክንያት አይቀርም።»

የብሩ መጠን በቁጥርና በፊደል ይጻፋል። ግልባጩ ለሲቪል ሰርቪስ፣ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ለውስጥ ኦዲት፣ አንድ ቅጂም ለማስታወቂያ ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ መለጠፉን አቅልላችሁ አትዩት፤ እትዬ ሣጥኑ ሲሞላ ማንን እንደምትጠይቅ ካላወቀች ውክልናው ለእሷ የለም። የመመለሻ ቀኑንም ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ወደ ላይ የሚሄድ ሪፖርት ሞልቷል፤ ወደ ታች የሚመለስ መልስ ነው የሚጠፋው።

ወካዩም ከፈረመ በኋላ ሥራው አላለቀም። በየሦስት ወሩ የጉዳት መዝገቡን፣ በመጋዘኑ የቀረውን ዕቃ መጠን፣ የተረኛ ሰሌዳውን አንድ ላይ አስቀምጦ ማየት አለበት። አንድ ሰው በተከታታይ ሌሊት ብቻውን ያደረ መሆኑ የሚታየው ከሰሌዳው ነው፤ የጉዳት መዝገቡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ጉዳት የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ የሚመዘግብ ሰው ላይኖር ይችላል።

ሠራተኛውም ባዶ እጁን አይደለም። ስምምነት ቁጥር 155 በአንቀጽ 19 ሠራተኛ ለሕይወት ወይም ለጤና ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው ለቅርብ አለቃው ወዲያው እንዲያሳውቅ፣ በአንቀጽ 13 ደግሞ ከእንዲህ ያለ ሁኔታ ራሱን ያራቀ ሰው ያለ አግባብ እንዳይቀጣ ይላል። ይህ ለነርሷ ምጥ ላይ ያለችን እናት ጥለሽ ሂጂ ማለት አይደለም፤ ማንም ባለሙያ እንደዚያ አያደርግም። ግን ለመስክ ሥራ የሚላክ የጤና ኤክስቴንሽን ወይም የግብርና ባለሙያ መንገዱ አስጊ መሆኑን አውቆ «ዛሬ አልወጣም» ቢል፣ ያንን ቃል የሚሰማና የሚወስን የተወከለ ሰው በግቢው ውስጥ መኖር አለበት። ውሳኔው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ካለ ቢሮ በስልክ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀን፣ ውሳኔ እንደሌለ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአፍ መናገር ጥሩ ነው፤ በሁለት መስመር ጽፎ መዝገብ ቤት አስገብቶ፣ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ማስመታት ግን ይበልጣል።

ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የጓንት፣ የቦት፣ የሴፍቲ ቦክስ፣ የመብራት መጠባበቂያ፣ የተተኪ ተረኛ አበል ዝርዝር በነሐሴ ጉም ውስጥ ቢጻፍ የሚደርሰው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። በጀት ወደሚዘጋጅባቸው የበልግ ወራት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የሰው ሀብት ባለሙያውና የፋይናንስ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የጎደሉትን መደቦችና የጎደሉትን ዕቃዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፏቸው፤ ከሥሩም የማን ውክልና እንደሚያበቃና የማን እንደሚታደስ ይጨመርበት። ለሌሊቱ ሁለተኛ ነርስ የሚጠየቀው ደብዳቤም ከዚያው ወረቀት ጋር አብሮ ይሂድ።